አጋዘን መካኒሳ አቦ ታየ አሉ

ወሬውን መጀመሪያ የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ከሜክሲኮ ወደ መካኒሳ በምትሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጣብቀናል። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ፣ ለማንም ሳይሆን ለሁላችንም፣ «አቦ ጋ አጋዘን ታየ፤ ሰማችሁ?» አለ።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት አማተቡ። ከፊታችን ያለ ጎልማሳ ዞር ብሎ፣ «አጋዘን አይደለም፣ ነብር ነው። የአክስቴ ልጅ በዓይኑ አይቶታል» አለ። ሳር ቤትን ሳናልፍ ነብሩ ሁለት ሆነ። መካኒሳ ስንደርስ ደግሞ ከአንድ ባለሀብት ግቢ ያመለጠ አንበሳ ሆኖ ቁጭ አለ። እኔ «ወራጅ አለ» ብዬ ባልወርድ ኖሮ ጀርመን አደባባይ ሲደርስ ምን ይሆን እንደነበር እግዚአብሔር ይወቀው።

በወሬው ማደግ አልተገረምኩም። ወሬ ያለ እርሾ የሚቦካ ሊጥ ነው። የገረመኝ የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ነው። አጋዘን የተባለው ገና አጋዘን ሳለ የተሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሥጋው ይበላል?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ቀንዱ ይሸጣል አሉ፣ እውነት ነው?» ሦስተኛው «ማን ያዘው?» እንደ ሰርዲን ታጭቀን ከተሳፈርነው ሰዎች መካከል «ከየት መጣ?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም። እኔማ በልቤ የሥጋውን ጥያቄ እያሰላሰልኩ ነበር፤ ኦሪት ዘዳግም የሚበሉትን እንስሳት ሲዘረዝር ሚዳቋ አለችበት ወይስ የለችበትም እያልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ ይዤ፣ ገና በመሠራት ላይ ያለ ሕንፃ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አገኘሁ። ካፖርታቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። አጋዘን ታየ የሚሉት እውነት ነው?»

«አጋዘን የሚሉት እነሱ ናቸው። እኔ አላልኩም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ልጄ፣ እኔ ወታደር ሆኜ ባሌ ኖሬያለሁ። አጋዘን አውቃለሁ። አጋዘን ቢሆን ይኼን አጥር ያክል ነበር። ይኼ የወጠጤ ፍየል ቢያክል ነው። ጠቆር ያለ ነው፤ ጀርባው ጎበጥ ብሏል፤ ቀንዱ አጠር ያለ፣ ጥምዝ። ሌሊት እንደ ውሻ ይጮኻል። ሁለት ሌሊት ውሻ መስሎኝ ድንጋይ ወረወርኩበት። ይቅር ይበለኝ።»

ጋሼ አራዊትን ከመጽሐፍ የተማሩ ሰው አይደሉም። ነገር ግን የነገሩኝ ነገር መጽሐፍ የሚለው ነው። ድኩላ ሲደነግጥ የሚያሰማው ድምፅ ከውሻ ጩኸት ጋር ይምታታል። ብቻውን ይሄዳል፤ ቀን ቀን ጥሻ ውስጥ ይውላል፤ ሰው በበዛበት አገር የሚወጣው በሌሊት ነው። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። ጠቆር ያለው ደግሞ «የምኒልክ ድኩላ» የሚባለው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ዘር ነው። ወንዱ ሲጎለምስ ወደ ጥቁርነት ይጠጋል። እንጦጦ ላይ አለ፤ መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ አለ። እንግዲህ ጋሼ ያዩት እርሱ ከሆነ፣ በታክሲው ውስጥ ነብርና አንበሳ የሆነው ፍጡር ቅጠል የሚቀነጥብ፣ ሰው ሲያይ ልቡ የሚከዳው አንድ ብቸኛ ድኩላ ነበር ማለት ነው። በእርግጥ የአንድ ጎረቤት ያመለጠ የበዓል ፍየልም ሊሆን ይችላል። ጋሼን ግን እንዲህ ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም፤ ዱላቸው ቅርብ ነበር።

«ታዲያ አሁን የት አለ?» አልኳቸው።

«ልጆቹ ከማለዳው ጀምረው አባረሩት። ድንጋይ፣ ፉጨት፣ ያዘው ያዘው። ሌባ እንኳ እንዲህ አይባረርም። ወደ ወንዙ ዘሎ ገባ፤ ከዚያ አላየሁትም።»

ከልጆቹ አንዱን አግኝቼ በስልኩ የቀረጸውን አሳየኝ። ቪዲዮው አርባ ሰኮንድ ያህል ነው። የሚታየው የሚሮጡ ሰዎች ጀርባ፣ አንድ ነጠላ ጫማና ብዙ አቧራ ነው። አውሬው አይታይም። ቲክቶክ ላይ ለቆት ግን ብዙ ሰው አይቶለታል። በዚህ ከተማ ማን ማንን እንደሚያባርር ሳያውቅ አብሮ የሚሮጥ ሞልቷል፤ ማየቱም እንደዚያው ነው።

እዚህ ላይ ልጆቹን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቤት ቢቃጠል 939 ትደውላላችሁ። ሌባ ቢገባ 991፣ ሰው ቢታመም 907። ጓሯችሁ ውስጥ ድኩላ ቢገኝስ? ይህን ለማወቅ ስል አንድ ቀን ሙሉ ስልክ ላይ ዋልኩ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ደወልኩ፤ ያነሳችው ልጅ በትሕትና ወደ ሌላ ክፍል አስተላለፈችኝ። ሌላው ክፍል፣ «እንስሳው የቤት ነው የዱር?» አለኝ። «የዱር» አልኩ። «የዱር ከሆነ እኛን አይመለከትም፤ ከተማ ውስጥ ከሆነ ግን እነሱንም አይመለከትም ይመስለኛል» አለኝ። ወደ ሦስተኛው ደወልኩ። «በደብዳቤ አመልክቱ» ተባልኩ። ድኩላው እስከዚያ በትዕግሥት እንዲጠብቅ የሚነግርልኝ ሰው ግን አላገኘሁም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ አዋጅ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቁሟል። ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ የተፈቀደለትም አዳኝ ከፍሎ፣ ኮታ ጠብቆ ነው። እንግዲህ በወረቀቱ ላይ የምኒልክ ድኩላ የሕግ ከለላ ያለው ፍጡር ነው። ችግሩ ወረቀቱ የተጻፈው አውሬ ፓርክ ውስጥ፣ ሰው ከተማ ውስጥ እንደሚኖር ታስቦ መምሰሉ ነው። አውሬው ይህን አዋጅ አላነበበም።

ስለ ስም ላንሳ፤ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ከስም ጀምሮ ነው። ለእኛ ለከተሜዎቹ ቀንድ ያለው፣ ቀጭን እግር ያለውና የሚሮጥ ሁሉ «አጋዘን» ነው። አያቶቻችን ግን እንዲህ አልነበሩም። ድኩላውን ድኩላ፣ ሚዳቋዋን ሚዳቋ፣ ገደል ላይ የምትቆመውን ሰስ፣ የሜዳውን ቆርኬ፣ የቆላውን ሳላ ይሉ ነበር። አንዱን ከአንዱ ለይቶ የማይጠራ ልጅ ይሳቅበት ነበር። ዛሬ ልጆቻችን የመኪና ሞዴል ከመብራቱ ቅርጽ ለይተው ያውቃሉ፤ ይህን ለማጣጣል አይደለም፣ ማየት መቻላቸውን ለመናገር ነው። ዓይናቸው ደኅና ነው። የጎደለው ቃሉ ነው።

ደግሞ «ዋላ» አለላችሁ። መጽሐፍ ቅዱሳችን ላይ ዳዊት ነፍሱን የውኃ ምንጭ በሚናፍቅ ዋላ ይመስላታል። ይህ ፈረንጆች «ዲር» የሚሉት እንስሳ እኛ አገር ጭራሽ የለም። በመላው አፍሪካ እንኳ በተፈጥሮ የሚኖረው በሰሜን፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ አካባቢ ብቻ ነው። ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል፤ የእኛዎቹ ድኩላና አጋዘን ግን ቀንዳቸውን አንዴ ካበቀሉ እስከ ሞት ይዘውት ይኖራሉ። ስለዚህ «መካኒሳ ዋላ ታየ» ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ካለ ወይ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፣ ወይ ደጋግሞ ዳዊት የሚደግም ነው።

ከሁሉ የሚያስቀኝ «ኒያላ» ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ያለውን ትልቁን ቀንዳም አገሬው የደጋ አጋዘን ይለዋል። በፈረንጆች 1908 አይቮር በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ አዳኝ አንዱን ገደለ፤ በ1910 ሪቻርድ ላይደከር የተባለ ሊቅ መዘገበው፤ ደቡብ አፍሪካ ካለው «ኒያላ» ጋር ስለተመሳሰለም «የተራራ ኒያላ» ተባለ። እኛም የራሳችንን ስም ጥለን የተውሶውን ያዝን። ኒያላ ኢንሹራንስ፣ ኒያላ ሞተርስ፣ ኒያላ ሲጋራ! ቀንዳሙ አጋዘን አሥር ሳንቲም ላይ ታትሞ ለዓመታት በኪሳችን ተንጫጭቷል። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያ ነው፤ ቢራም ዋልያ አለ። አውቶቡሳችን አንበሳ፣ ጫማችን አንበሳ፣ ባንካችን አንበሳ። በማስታወቂያና በንግድ ፈቃድ ቢቆጠር በዓለም ላይ እንደ እኛ አራዊት የሚወድ ሕዝብ የሚገኝ አይመስለኝም። ምስሉ ጠርሙስ ላይ ሲለጠፍ እናጨበጭባለን፤ ባለቤቱ በእግሩ ሲመጣ ድንጋይ እናነሳለን።

መካኒሳ አቦ መሆኑ ደግሞ የባሰ ያሳቅቃል። የአቦን ሥዕል የማያውቅ የለም። ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ጠጉራቸው ሰውነታቸውን ሸፍኖት፣ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ በግራ በቀኛቸው አንበሶችና ነብሮች አሉ። ትውፊቱ ስድሳ አንበሳና ስድሳ ነብር ይላል። በዓይናቸው እንባ ጥሟን የምትቆርጥ ወፍም አለች። በየወሩ በአምስተኛው ቀን፣ ይልቁንም በጥቅምትና በመጋቢት አምስት፣ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ይህን ሥዕል ይሳለማል። እኔም እሳለማለሁ። ዝቋላ ላይ የገዳሙ ደን እስከ ዛሬ የተረፈው ከዚህ እምነት የተነሣ ነው፤ በየገጠሩ ያለው የቤተ ክርስቲያን ደንም እንደዚሁ። ግን ከሥዕሉ ሥር ተሳልሞ የወጣ ሰው ሁለት መቶ ሜትር ሳይርቅ ድኩላ ላይ ድንጋይ ሲወረውር፣ ሥዕሉን ያየው በምን ዓይኑ ነው ያሰኛል። ይህን ለአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ብነግረው፣ «ጋሼ፣ ነብር ቢሆን እኮ ማንም አይወረውርበትም ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። የተወረወረበት ስለማይናከስ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው፤ ከየት መጣ?

ሰዎች ሲመልሱ ወዲያው «ድሮ ይኼ ሁሉ ደን ነበር» ይላሉ። አባባሉ ደስ ይላል፤ ግን እውነቱ የተወሳሰበ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ዙሪያዋ ሙሉ ደን አልነበረም። እንዲያውም ከጥቂት ዓመት በኋላ ማገዶ አልቆባት ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ለማገዶ እንጂ ለድኩላ አይሆንም፤ ሥሩ ጥሻ አያበቅልም። መካኒሳም ቢሆን የእርሻና የግጦሽ አገር ነበር። ስሙ ራሱ ኦሮምኛ ነው፤ መከኒሳ ማለት ብሳና ነው። ብሳና የነበረበት ቦታ ማለት ነው እንጂ የማይዘለቅ ጫካ ማለት አይደለም። ስለዚህ «አውሬው የአያቱን ቤት ፈልጎ መጣ» የሚለው የሬዲዮ ስብከት አይዋጥልኝም።

ይልቅ ካርታ ግለጡ። ትንሹ አቃቂ ከወጨጫ ተራራ ተነስቶ፣ በገፈርሳ አድርጎ፣ ከተማዋን በምዕራብ በኩል ሰንጥቆ፣ በመካኒሳ አልፎ፣ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። የመናገሻ ሱባ ደን ያለው ደግሞ በዚያው በወጨጫ ላይ ነው። በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ችግኝ አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው ደን ነው። እንግዲህ ከድኩላው ደን እስከ እኛ ሰፈር ድረስ አንድ የማይቋረጥ ጉድጓዳማ መንገድ አለ፤ ወንዙ። ቤት ሊሠራበት ያልተቻለ ገደል፣ ቁጥቋጦ የበዛበት፣ ሌሊት ሰው የማይሄድበት። እኛ ኮሪደር የሚለውን ቃል የለመድነው በ2016 ዓ.ም. መንገድ ዳር ቤት ሲፈርስና ሳር ሲተከል ነው። አውሬው ግን የራሱ ኮሪደር ከነበረው ቆይቷል።

በዚህ ኮሪደር የሚወርደው ውኃ ምን እንደሆነ የመካኒሳ ሰው ያውቃል። ከፋብሪካውም፣ ከቄራውም፣ ከየመጸዳጃ ቤቱም የሚወጣው ሁሉ ወደ አቃቂ ወንዞች ይገባል። መካኒሳና ጎፋ፣ ወንዙ ዳር፣ ለረጅም ዘመን ጎመንና ሰላጣ ሲመረት ኖሯል። ተመራማሪዎች ያንን አትክልት እየለኩ ስለ ከባድ ብረታ ብረት ጽፈዋል፤ እኛም እየገዛን በልተናል። የዳዊት ዋላ የናፈቀችው እንዲህ ያለውን ውኃ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ሰሞኑን የወንዝ ዳርቻ ማልማት ተጀምሯል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ወንዙን ማጽዳትና ዳርቻውን በሲሚንቶ ገድቦ ሳር ማንጠፍ ለየቅል ናቸው። መጀመሪያውን ብናደርግ ሰውም ድኩላም ይጠቀማል። ሁለተኛውን ብቻ ብናደርግ ውኃው እንደ ሸተተ ይቀራል፤ ጥሻው ግን አይኖርም። ወንበርና የመንገድ መብራት ከጥሻ የበለጠ ያምራል የሚል ካለ ሌሊት ሌሊት እዚያ ማደር ያለበት እርሱ አይደለም።

ድኩላው ብርቅ ስለሆነ ወሬ ሆነ። ብርቅ ያልሆነውስ? አያ ጅቦ ከእኛ ጋር ከተማዋን ተካፍሎ መኖር ከጀመረ ስንት ዘመኑ! በ2006 ዓ.ም. አካባቢ የውጭ ዜና ማሰራጫዎች አዲስ አበባ ውስጥ ከ300 እስከ 1,000 ጅብ ይኖራል የሚል ግምት አሰራጭተው ነበር። ፈረንጅ ተደነቀ፤ እኛ ግን «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የምንል ሰዎች ምን ይደንቀናል? እኛማ እናውቀዋለን። ቁርበቱን ያነጠፍንለትም እኛው ነን። የቄራውን ትርፍራፊ፣ የሞተውን አህያና ውሻ፣ የቆሻሻውን ክምር ሌሊት ሌሊት የሚያጸዳው እርሱ ነው። ደመወዝ አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ሳልነግራችሁ የማላልፈው አንድ ጥናት አለ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2004 ዓ.ም. ያሳተሙት ነው። ትግራይ ውስጥ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ፣ በውስጡ ያለውን ጠጉር እየመረመሩ ጅቡ ምን እንደበላ አጠኑ፤ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ። ምን ተገኘ? ሕዝቡ ሲጾም ሥጋ ስለማይታረድ ጅቡ ትርፍራፊ ያጣል፤ ስለዚህ አህያ ማደን ይጀምራል። በጾሙ ወራት በኩሱ ውስጥ የተገኘው የአህያ ጠጉር ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ፋሲካ ሲሆን ተመልሶ ቀነሰ። እኛ ሁዳዴን የምንጾመው ለነፍሳችን ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው አህያ ነው። አውሬ ከእኛ ቀን መቁጠሪያ ጋር ምን ያህል ተቆራኝቶ እንደሚኖር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላነበብኩም።

ጅቡን አላቆነጅም። ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው፣ በተለይ ሕፃን፣ ለጅብ የተጋለጠ ነው። ጅብ የሚፈራው ቤት ያለውን ሰው ነው፤ አጥር የሌለው ነው የሚበላው። ነገር ግን ጅቡ ሰው ነካ ሲባል «ጅቡ ይገደል» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል፤ «ሰውየው ለምን ሜዳ ላይ አደረ?» የሚለው ድምፅ ግን አይሰማም። ከመካኒሳ ብዙም ሳይርቅ ቆሼ አለ። ከተማዋ ቆሻሻዋን ለሃምሳ ዓመት የደፋችበት ቦታ ነው። እዚያ ሰውም፣ ውሻም፣ አሞራም፣ ጅብም ከአንድ ክምር በልተው ኖረዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቻችን እዚያ ሰው እንደሚኖር ያወቅነው ያን ቀን ነው። ጅብ እንዳለ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሐረሮችን እቀናባቸዋለሁ። ግንባቸው ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ በዐሹራ ቀን ገንፎ ይቀርብለታል፤ ማታ ማታ በስሙ እየጠራ የሚያበላው ሰው አለ። ዛሬ ቱሪስት የሚያየው ትርኢት ሆኗል ብለው የሚያጣጥሉ አሉ። ይሁን። ጅብ የሚገባበትን በር አስቦ የሠራ ከተማ ግን ቢያንስ ጅብ መኖሩን አምኗል። እኛ ግን መኖሩን የምናምነው ውሾቹ ሲጮኹ ነው፤ እርሱም ከሄደ በኋላ።

አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ዘመዴን ስለ ድኩላው ባጫውታት ሳቀችብኝ። «እኔ ጋ በየማታው ይመጣሉ። የሀበሻ ጎመን ተክዬ አንድ ቅጠል አላስቀሩልኝም። ጤና አዳሙን ብቻ ተዉልኝ፤ ሽታውን አይወዱትም መሰለኝ» አለችኝ። እሷ የምትለው እውነተኛው ዋላ ነው። በዚያ አገር ተኩላው ሲጠፋ፣ አዳኙ ሲቀንስ፣ ዋላው ከሰው ጓሮ ገብቶ በዛ። መኪና ይገጨዋል፤ ቡቃያውን ሁሉ ስለሚበላ ደኑ አዲስ ዛፍ ያጣል። ዋሽንግተን መካከል ባለው ሮክ ክሪክ ፓርክ በፈረንጆች 2013 መንግሥት ራሱ በሌሊት ተኳሾች ማስቀነስ ጀመረ፤ ሥጋውም ለችግረኞች መመገቢያ ተሰጠ። ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት ተጠንቷል፣ ሕዝብ ተሰብስቦ ተከራክሯል፣ ተቃዋሚዎቹ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። ዘመዴም ጎመኗን እያዘነች ስብሰባ ላይ ሄዳ አስተያየት እንደሰጠች ነገረችኝ። «ምን አልሽ?» ብላት፣ «አትግደሏቸው፣ አጥር ሥሩልኝ አልኩ» አለች። ጃፓን ናራ ከተማ ደግሞ ዋላዎቹ የቤተ መቅደሱ መልእክተኞች ናቸው ተብሎ ስለሚታመን ከሺህ በላይ የሚሆኑት በመንገድ ላይ እንደ ልባቸው ይመላለሳሉ፤ ከ1957 ጀምሮ የተፈጥሮ ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። እምነት ሥዕሉ ላይ ካልቀረ እንዲህም ያደርጋል።

እኛ ከአሜሪካ የተለየ ችግር ነው ያለብን። እነርሱ የበዛውን ነው የሚቀንሱት። የምኒልክ ድኩላ ግን እዚህ አገር ብቻ ያለ፣ በተበጣጠሱ ደኖች ተጠግቶ የቀረ ዘር ነው። ምኒልክ ለፈረንሳይና ለእንግሊዝ የሰጧቸው የለጋሲዮን ግቢዎች እስከ ዛሬ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ የፈረንሳዩ ብቻውን ከ40 ሔክታር በላይ ነው። በከተማችን መካከል የቀረ የአገር ዛፍና የአገር ወፍ ማየት ቢያምራችሁ የባዕድ ኤምባሲ በር አንኳኩታችሁ ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ትንሽ ይከብደኛል።

ከጻፍኩት በኋላ፣ ሳላሳትመው፣ ወደ ጋሼ ተመለስኩ። ሕንፃው አንድ ወለል ጨምሯል። ጋሼ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ካፖርት ተቀምጠዋል። ቡና ይዤላቸው ሄጄ ነበር። ጥቂት ከተጫወትን በኋላ ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉና፣ «ትናንት ሌሊት ጮኸ» አሉኝ።

«ውሻ ይሆናላ፣ ጋሼ።»

«ውሻ አይደለም። አሁን ለይቼዋለሁ። ከ...» ብለው ቦታውን በዱላቸው ጫፍ አሳዩኝ። ወንዙ የሚታጠፍበት፣ ሰው የማይወርድበት ጥሻ ነው። «ድንጋይ አልወረወርኩም» አሉኝ ቀጥለው፣ ያልጠየቅኋቸውን። «ብቻ ለማንም እንዳትናገር። ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ ይላሉ፤ እውነት ነው?»

እውነት ነው አልኳቸው።

«እሺ፣ ጻፍ። ቦታውን ግን አትጻፍ» አሉኝ። አልጻፍኩም።